ባዶነቱን የማይናገር ዕቃ

ዕቃ ሁሉ የየራሱ አንደበት አለው። ጠላ የምትቀዳ ሴት ጋኑን በጣቷ መታ መታ አድርጋ የቀረውን ታውቃለች፤ የሞላው ጋን ድምፁ ድፍን ነው፣ የጎደለው ያስተጋባል። ቅል ሲጎድል በእጅ ላይ ይቀላል። ኩራዝ ነዳጁ ሲያልቅበት ክሩ ይጨሳል። ጀበና እንኳ ቡናው መጨረሻው ላይ ሲደርስ ዝቃጩን ወደ አፉ ያመጣና «በቃኝ» ይላል። ከእነዚህ ዕቃዎች ጋር ያደገ ሰው ስለ ዕቃ ሐቀኝነት አስቦ አያውቅም። ምን አሳስቦት! ሸክላውም ቅሉም ዋሽተውት አያውቁም።

እኔም አስቤ አላውቅም ነበር። እንዳስብ ያስገደደችኝ አውራ ጣት የምታክል አንዲት የአሉሚኒየም ጣሳ ናት።

አክስቴ የምትኖረው ጥሊሊ ነው። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚጓዝ ሰው ቡሬን ካለፈ በኋላ፣ እንጅባራ ሳይደርስ የሚያገኛት የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት፤ ደጋ ናት። ክረምቱ ይረዝማል፣ ጉሙ ይወፍራል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ስለዚህ ማዕድ ቤት ሲሠራ ቀዳዳው ይጠብባል። ብርዱን የሚከለክል ግድግዳ ግን ጭሱንም አያስወጣም። አክስቴ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ዕድሜዋን ሙሉ እንጀራ ጋግራለች። አስም አለባት። ያመጣባት ጭሱ ነው ብዬ አልፈርድም፣ ሐኪም አይደለሁምና፤ ምጣድ በጣደች ቁጥር እንደሚብስባት ግን ዓይኔ አይቷል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለመስቀል ጥሊሊ ስሄድ ሐኪም ያዘዘላትን፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት ገዝቼላት ሄድኩ። አሳየኋት። «እንዲህ አድርገሽ ነቅንቂው፣ ትንፋሽሽን አውጪ፣ አፍሽ ውስጥ አግቢና ተጫኚው፣ እኩል ሳቢው።» ሁለት ሦስቴ ሞክራ ለመደችው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦

«ልጄ፣ ማለቁን በምን አውቃለሁ?»

ጣሳውን ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅኩት። ውስጡ አይታይም፤ የሚከፈት ነገር የለውም። እንደ ተማረ ሰው ትንሽ አሰብኩና መለስኩላት፦ «እስከነፋ ድረስ አለ ማለት ነው።»

አክስቴ ቆጣቢ ሴት ናት። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ትስብ ነበር። መስከረም አለፈ፣ ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ አለፉ። ጥር 10 ቀን፣ የከተራ ዕለት፣ ቤቱ ሁሉ ድግስ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስትጋግር ዋለች። እኔ አዲስ አበባ ጃን ሜዳ ታቦታቱን ስሸኝ አምሽቼ ቤቴ ገብቼ ነበር። ሌሊት ስልክ ተደወለ። የአክስቴ ልጅ ናት። ትንፋሽ አጥሯት፣ ጣሳውን አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ ተጫነችው። ጣሳውም አሥር ጊዜ፣ አሥራ አምስት ጊዜ «ፍስስ» አለላት። ከንፈሯ መጥቆር ሲጀምር ጎረቤት ተጠርቶ በባጃጅ ወሰዷት። በጊዜ ደረሰችና ዳነች። መድኃኒቱን ያየው ወጣት የጤና ባለሙያ «እናቴ፣ ይሄ እኮ ካለቀ ቆይቷል» አላት። «ይነፋል እኮ!» አለችው። «የሚነፋው ጋዙ ነው» አላት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣሳው ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ መድኃኒቱና መድኃኒቱን ገፍቶ የሚያወጣው ጋዝ። ጋዙ በግፊት ብዛት ፈሳሽ ሆኖ ተቀምጧል። በተጫንን ቁጥር ቫልቩ አንዲት ጠብታ ለክቶ ያወጣል፤ ጠብታዋ አየር ስታገኝ ወደ ጋዝነት ትለወጥና መድኃኒቱን እንደ ጉም ትበትነዋለች። «ፍስስ» የሚለው ድምፅ፣ ምላስ ላይ የሚሰማው ቅዝቃዜ የጋዙ ናቸው። ጣሳው የተሠራው ለ200 ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የመድኃኒቱ መጠን እያነሰ፣ እየተዛባ ይሄዳል፤ ጋዙ ግን ለብዙ ጊዜ መንፋቱን ይቀጥላል። አክስቴ በቀን ሁለት ጊዜ ስባ ከመስከረም 17 ጀምሮ ሲቆጠር 200ው የሚሞላው ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት የምትስበው ድምፅና ብርድ ነበር ማለት ይቻላል። ገፊው ሳያልቅ የሚገፋው አለቀ። (እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠማችሁም? ቁም ነገሩ ካለቀበት ቆይቶ ድምፁ ብቻ የቀረ ተናጋሪ? ስብሰባ የሚያዘወትር አንባቢ መልሱን ያውቀዋል።)

እንግዲህ ጥያቄዬ ይኸው ነው። በዚያች ሌሊት አክስቴን ማን ዋሻት?

ጣሳው አይዋሽም፤ ነፍስ የለውም። አምራቹ «200» ብሎ ጽፎበታል። በእንግሊዝኛ፣ በደቃቅ ፊደል፣ ግን ጽፏል። ሻጩ የታዘዘውን ሸጧል። እኔ የመሰለኝን ተናግሬአለሁ። ሁሉም እጁን ታጥቧል። ነገር ግን ማንም ያልዋሸበት ቦታ ላይ አንዲት ሴት በውሸት ልትሞት ነበር። ይህ እንዴት ይሆናል?

መልሱን ፍለጋ ወደዚህ ዕቃ ታሪክ ሄድኩ። በግፊት የሚረጭ ጣሳን አስቦ ባለቤትነቱን ያስመዘገበው ኤሪክ ሮታይም የተባለ የኖርዌይ መሐንዲስ ነው፤ ዘመኑም የ1920ዎቹ ማለቂያ (እ.ኤ.አ.) ነበር። እ.ኤ.አ. በ1941 ላይል ጉድሂውና ዊልያም ሱሊቫን የተባሉ የአሜሪካ እርሻ ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ለነፍሳት ማጥፊያ አዋሉት። ከአበባ የሚገኝ መርዝ፣ ኃይሉን የሚያበረታ የሰሊጥ ዘይት፣ ገፊ ጋዝ። ያ ጣሳ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፓስፊክ ደሴቶች ወታደሩን ከወባ ትንኝ ተከላከለለት። እ.ኤ.አ. በ1949 ሮበርት አብፕላናልፕ ርካሽና የማያፈስ ቫልቭ ሠራ። ከዚያ ወዲያ ጣሳው ከጦር ሜዳ ወጥቶ ቤት ገባ፤ የፀጉር፣ የብብት፣ የቀለም፣ የዝንብ ሆነ። እኛም አገር በእጅ እየተገፋ የሚረጨው የድሮው «ፍሊት» ስሙን ለጣሳው አውርሶ ጡረታ ወጣ። ያ የድሮው ግን ሆዱ የሚከፈት ነበር። ሲያልቅ ይታያል፣ ይሞላል።

የአስሙ ጣሳ ደግሞ የተወለደው ከአንዲት ልጅ ጥያቄ ነው። ራይከር የተባለው የአሜሪካ መድኃኒት ፋብሪካ ኃላፊ የነበረው ጆርጅ ሜሰን የአስም ሕመምተኛ ሴት ልጅ ነበረችው፤ ዕድሜዋ 13 ነበር። በጊዜው የነበረው የአስም መርጫ ጎማው የሚጨመቅ፣ በቀላሉ የሚሰበር ብርጭቆ ነበር። ልጅቱ፣ መድኃኒቴ እንደ ፀጉር መርጫው በጣሳ ለምን አይሆንም ብላ አባቷን ጠየቀችው። ኬሚስቶቹ ሥራ ጀመሩ። ፊሊፕ መሽበርግ ለሽቶ ብሎ የሠራውን፣ እየለካ የሚረጭ ቫልቭ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1956 የመጀመሪያው ጣሳ ገበያ ላይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ዙሪያ ስንት ትንፋሽ እንደመለሰ እግዜር ይቁጠረው። ለሽቶ የታሰበች አንዲት ትንሽ ቫልቭ! ጋን በጠጠር ይደገፋል ይሏል ይህ ነው።

ይህን ታሪክ ሳነብ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሁሉም ብልሃት ስለ መውጣት ነው። እንዴት ይውጣ፣ እንዴት ደቅቆ ይውጣ፣ እንዴት ተለክቶ ይውጣ፣ እንዴት በርካሽ ይውጣ። ከወጣ በኋላስ? የት ይሄዳል? ካለቀ በኋላስ? በምን ይታወቃል? እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ለረጅም ጊዜ ባለቤት አልነበራቸውም።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዓለምን ሊያስከፍላት የነበረው ዋጋ ይታወቃል። ጣሳዎቹ ውስጥ የነበረው ገፊ ጋዝ የክሎሮፍሎሮካርቦን ወገን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ማለቂያ ቶማስ ሚጅሊ የተባለ አሜሪካዊ ከባልደረቦቹ ጋር ለማቀዝቀዣ ያገኘው ነው። ሚጅሊ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ዘመን በማቀዝቀዣዎች ውስጥ የነበሩት ጋዞች የሚመርዙና የሚቀጣጠሉ ስለነበሩ የማይመርዝ፣ የማይነድ ጋዝ ፈለገ፤ አገኘም። እ.ኤ.አ. በ1930 በኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ቆሞ ጋዙን በአፉ ሳበና፣ ትንፋሹን መልሶ ሻማ አጠፋበት። ተመልካቹ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ማስረጃ አየ፤ አይመርዝም፣ አይቀጣጠልም። አጨበጨበ። እውነትም አይመርዝም፤ እውነትም አይቀጣጠልም። ሰውየው ያወቀውን ሁሉ በእውነት አሳየ። ያላሳየው ያልጠየቀውን ነው። ያ የማይበላሽ፣ ከምንም ጋር የማይዋሐድ ጋዝ ከጉባኤው አዳራሽ ወጥቶ የት ይደርሳል?

ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ከአርባ ዓመት በላይ ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ1974 ሼርውድ ሮውላንድና ማርዮ ሞሊና ጋዙ እስከ ላይኛው ከባቢ አየር ወጥቶ በፀሐይ ጨረር እንደሚፈርስ፣ ከእርሱ የሚወጣው ክሎሪንም ከጨረር የሚጋርደንን የኦዞን ሽፋን እንደሚበላ ጻፉ። አምራቾቹ ተቃወሟቸው። እ.ኤ.አ. በ1985 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች በአንታርክቲካ ሰማይ ላይ ሽፋኑ ክፉኛ ሳስቶ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1994 ገባችበት። ሁለቱ ሊቃውንት ከፖል ክሩትሰን ጋር እ.ኤ.አ. የ1995ን የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የኦዞን ሽፋንም ቀስ በቀስ እያገገመ ነው።

እንግዲህ ሚጅሊ ጥፋተኛ ነው? «አላወቀም» የሚል መልስ አፋችን ላይ ይመጣል። አለማወቅ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን በአንቀጽ 59 ስለ ቸልተኝነት ሲደነግግ፣ ውጤቱን እያወቀ የደፈረውን ብቻ አይመለከትም፤ ማወቅ ሲገባው ወይም ሲችል ያላወቀውንም ይጨምራል። ይህን ሲመዝንም የሰውየውን ዕድሜ፣ የኑሮ ልምድ፣ ትምህርትና ሥራ ከግምት ያስገባል። ሕጉ የተጻፈው ለወንጀል ነው፣ የኔ ነገር ፍርድ ቤት የሚያደርስ አይደለም፤ ሐሳቡ ግን ለኅሊናም ይሠራል። ያልተማረች ገበሬና ዲፕሎማ ያለው ሰው እኩል «አላወቅኩም» ቢሉ፣ ሁለቱ «አላወቅኩም»ዎች ክብደታቸው አይተካከልም።

በ1930 ሰማይ ላይ ያለውን ክሎሪን ማንም መለካት አይችልም ነበር። ስለዚህ ሚጅሊ ባለማወቁ ልኮንነው አልደፍርም። ከእርሱ በኋላ የመጡት፣ ጥያቄው በ1974 በአደባባይ ከቀረበ በኋላም «ማስረጃ አምጡ» እያሉ ዓመታት የገፉት ግን ሌላ ናቸው። በአለማወቅና ባለመጠየቅ መካከል ያለው ድንበር እዚህ ላይ ይመስለኛል። አለማወቅ የሁላችንም ዕጣ ነው። ጥያቄ ቀርቦልን ዝም ማለት፣ ወይም ደግሞ ሳናጣራ መልስ መስጠት ምርጫችን ነው።

«ታዲያ ሁሉ ነገር እስኪታወቅ ቁጭ ይባል?» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የሜሰን ልጅ ጋዙ የት እንደሚሄድ እስኪጠና ብትጠብቅ ኖሮ መድኃኒቷን በጣሳ ለማየት አያት መሆን ነበረባት። የአክስቴን ትንፋሽ የመለሰውና ሰማዩን ሲያሳሳ የኖረው ያው አንድ ዓይነት ጣሳ ነው። አንዱን ረግመን ሌላውን መመረቅ አንችልም።

እዚህ ላይ የዓለም መንግሥታት ያደረጉት ነገር ደስ ይለኛል። በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት የበለጸጉት አገሮች ጋዙን እ.ኤ.አ. እስከ 1996 መባቻ ድረስ አቆሙ። ለፀጉር፣ ለብብት፣ ለቀለም አይሆንም ተባለ። ለአስም ሕመምተኛ ግን ምትክ እስኪገኝ ይፈቀድ ተባለ። ማለትም የዓለም ሸንጎ ተቀምጦ የሰማይን ሽፋንና የአንዲት አሮጊትን ትንፋሽ ሚዛን ላይ አስቀመጠና ለትንፋሹ ፈረደ። ፍርዱ ግን ቀጠሮ ነበረው፤ ምትክ ፈልጉ ብሎ ነበር። ምትኩም ተገኘ። እርሱም በተራው ኦዞንን ባይነካም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አየርን የሚያሞቅ ሆነና፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኪጋሊ ላይ እርሱንም ስለመቀነስ ስምምነት ተደረገ። ጥያቄው አላለቀም። እንዳያልቅም ነው የሚያስፈልገው። ሰው ይሥራ፤ ሠርቶ ሲያበቃ ከሠራው ነገር ጋር አብሮ ይቆይ። ሚጅሊን ባልኮንነውም፣ ሻማውን አጥፍቶ ከአዳራሹ የሚወጣን ሰው ግን «ቆይ እንጂ፣ ትንፋሹ የት ሄደ?» ብሎ የሚይዘው ሌላ ሰው በሩ ላይ መኖር አለበት።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ የአክስቴ ጥያቄ፣ የሰማዩን ያህል እንኳ ዕድል አላገኘም። ማለቁን በምን አውቃለሁ? ለብዙ ዓመታት የተሰጣት መልስ ጣሳውን ውኃ ላይ አንሳፍፎ ማየት የሚል ነበር። በኋላ ሲጣራ የማይታመን ሆኖ ተገኘ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዲስ የሚሠሩት ጣሳዎች ቆጣሪ እንዲኖራቸው የመከረው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ጣሳው ገበያ ላይ ከዋለ ከ47 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ47 ዓመት ውስጥ የሰው ልጅ ጨረቃ ላይ ወጥቶ ተመልሷል። 200 መቁጠር ጨረቃ ላይ ከመውጣት ይከብዳል? ዛሬ ቆጣሪ ያላቸው አሉ። ቆጣሪ የሌላቸው ርካሾቹም በየመድኃኒት ቤቱ አሉ፤ ርካሹን የሚገዛ ደግሞ ማን እንደሆነ እናውቃለን። ሁለተኛ ጣሳ በመጠባበቂያ የሌለው፣ ሐኪም ቤት የሚርቀው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ የሚቆጥብ ሰው ነው። ማለቁን ማወቅ ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው፣ ማለቁን የማይናገረው ዕቃ ይደርሰዋል። ይህን ማንም ተንኮል አስቦ አላደረገውም። ማንም የእርሷን ጥያቄ እንደ ራሱ ጥያቄ አለመጠየቁ ግን በቂ ነበር።

«ማንም» ስል ራሴን ማስቀረት አልችልም። በእርግጥ ጣሳውን አልፈለሰፍኩም። ነገር ግን ጥያቄው በቀጥታ የቀረበው ለእኔ ነበር። ሚጅሊን የጠየቀው አልነበረም፤ እኔን አክስቴ ጠየቀችኝ። ማሸጊያው ኪሴ ውስጥ ነበር። «200» የሚለውን ማንበብ እችላለሁ። ጋዜጠኝነት ስማር መጀመሪያ የተነገረኝ ነገር ያላጣሩትን አለመናገር ነው። ለጋዜጣ ቢሆን ኖሮ ሁለት ሰው ጠይቄ ነበር የምጽፈው። ለአክስቴ ግን ከአፌ ያመጣሁትን ሰጠኋት። እርሷም አመነችኝ፤ ከከተማ የመጣ፣ የተማረ፣ የወንድሟ ልጅ ነኝና። እንግዲህ እኔም ያው ጣሳው ነበርኩ። ውስጤ ባዶ ሆኖ ድምፄ ልክ እንደ ሙሉ ነበር። «አላውቅም፣ ጠይቄ እነግርሻለሁ» ማለት አሥር ሰከንድ አይፈጅም። ያቺን አሥር ሰከንድ ለምን እንደሳሳሁላት እስከ ዛሬ አልገባኝም። ምናልባት አላውቅም ማለት ጥሊሊ ድረስ ይዤው የሄድኩትን ክብር የሚቀንስብኝ መስሎኝ ይሆናል።

በዓመቱ ለመስቀል ስመለስ አዲስ ጣሳ ይዤ፣ ይቅርታም ይዤ ነበር የሄድኩት። ይቅርታውን ጀምሬ ሳልጨርስ አስቆመችኝ። «ተወው ልጄ፣ አንተስ ምን ታደርግ» አለችኝና ከመደቡ በላይ ከተሰቀለው አገልግል ውስጥ አንዲት ትንሽ ቅል አወጣች። ነቀነቀችው፤ ተንኳኳ። ባቄላ ነው። ያ ወጣት የጤና ባለሙያ «ሁለት መቶ ነው» ብሎ ነግሯት ነበርና፣ ጎረቤቷን ጠርታ ሁለት መቶ ፍሬ ባቄላ አስቆጥራ ቅሉ ውስጥ ጨምራለች። አንድ ጊዜ በሳበች ቁጥር አንድ ፍሬ ታወጣለች።

«አሁን እኮ ስነቀንቀው ይነግረኛል» አለችኝ።

ቅሉን ተቀብዬ ነቀነቅኩት። ጥቂት ነበር የቀረው። ይዤላት የመጣሁትን ጣሳ ማሸጊያ ከፈትኩና፣ በዚህኛው ላይ የተጻፈው ስንት እንደሆነ ጮክ ብዬ አነበብኩላት።